ውሃ ወፈረ ብዬ ነው!

ጎበዝ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ቅዳሜ ነው፣ የጂንካ ገበያ ሞልቷል፣ ተከራካሪዬም ደረቱን ነፍቶ መጥቷል። ስሙን በአደባባይ አልጠራም፣ ቅጽል ስሙ ይበቃዋል፤ አያ ይወስደዋል። ፌስታል ይጥልና «ወንዙ ይወስደዋል»። የተቃጠለ ዘይት ይደፋና «ወንዙ ይወስደዋል»። የፋብሪካ ፍሳሽ ሲነሳማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኦሞ ትልቅ ነው፣ ምን ይሆናል? ይወስደዋል!» ይላል። «ወዴት?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንተ ደግሞ ውሃ ቀጠነ እያልክ ትጣላለህ» አለኝ። ታዛቢዎች፣ ፍረዱኝ! ውሃ ቀጠነ ብዬ መቼ ተጣላሁ? ውሃ ወፈረ ብዬ እኮ ነው! ቢቀጥንማ እንደ ወንድማማች ቡና እንጠጣ ነበር።

«ውሃ ደግሞ ይወፍራል እንዴ?» ብለህ አትሳቅ። ይወፍራል፣ ያውም በሚዛን። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ ኪሎ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 25 ግራም ያህል ይጨምራል። የባሕር ውሃ እያጣሩ የሚጠጡ አገሮች አሉ፤ ዱባይና ጅዳ ያሉ ዘመዶቻችን ከቧንቧ የሚቀዱት እሱን ነው። እዚያ ጨዋማው ትራፊ ሲመዘን ሊትሩ 1,050 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ጨው፣ ስኳር፣ ሞላሰስ፣ ጭቃ የተሸከመ ፍሳሽ ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው፤ ከሚቀበለው ውሃ ይከብዳል። የከበደ ነገር ውሃ ውስጥ ምን ያደርጋል? «ይንሳፈፋል» ካልክ ገበያው ይበተን! የውሃ ላይ ኩበት እንኳ ካንተ ፍሳሽ ይሻላል፣ ሲያልፍ ይታያል። ወፍራሙ ፍሳሽ ሥራው ሥር ለሥር ነው። አንተ ድልድይ ላይ ቆመህ «አየህ፣ ውሃው ጠራ» ትላለህ። አዎ ጠራ፤ ሐኪም ጠራ!

እሺ፣ ሻይ ቤት እንግባ። ሻይህ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምርና ሳታማስል ጠጣው። መራራ ነው፣ አይደል? ስኳሩ የት ሄደ? ታች ተኝቶ የመጨረሻዋን ጉንጭ ይጠብቅሃል። ታዲያ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ማንኪያ እየጠየቅህ፣ ለአንድ ወንዝ ማማሰያው ምንድን ነው ብለህ ሳትጠይቅ ኖርክ?

አሁንም አላመነም! አንድ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አምጡልኝ። አንገቱን ቁረጡት፣ ውሃ ሙሉት፣ እስኪረጋ ጠብቁ። በሌላ ብርጭቆ ጨው በጥብጡ፣ የቀይ ሥር ቅቅል ውሃ ጨምሩበት፣ መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ ሳቡት። አሁን አያ ይወስደዋል ራሱ ይያዘው፣ በኋላ «አጭበረበራችሁኝ» እንዳይል። የሲሪንጁን አፍ ውሃው ውስጥ አስገባና ቀስ ብለህ ልቀቀው። ምን አየህ? ቀዩ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ወለሉን ነካ፣ ተነጠፈ። ከላይ ያለው ውሃ ወሬውንም አልሰማ። እንኳን ደስ አለህ፣ ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈልህ! አሁን ደግሞ እንደገና ሙላው፣ አፉን ወደ ላይ አዘንብልና በኃይል ግፋው። ተወነጨፈ! ጠርዙን ተመልከት፤ ጥቃቅን አዙሪቶች ንጹሑን ውሃ እየጎረሱ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ወጣ፣ ሰፋ፣ ታጠፈ፣ ወደቀ። ሲወድቅ ግን ቀይ አይደለም፣ የፈዘዘ ሮዝ ነው። ጨው ያው፣ ቀይ ሥር ያው፣ እጅህም ያው። የተለወጠው አወጣጡ ብቻ ነው። አየህ አይደል፣ ቆሻሻ መድፋት እንኳ ሙያ ይጠይቃል፣ አንተ ግን በሱም ሰነፍክ።

ይኸ ሁለተኛው ነው ጄት የሚባለው። ቀና ብለህ የጂንካን ሰማይ አትቃኝ! የኔ ጄት ከጠባብ አፍ በኃይል የሚተኮስ ውሃ ነው፣ የሚያርፈውም ወንዙ ወለል ላይ ነው። በዚህ ጄት ውስጥ ሁለት ጉልበቶች ይታገላሉ። ግፊቱ ወደ ላይ ይላል፣ ክብደቱ ወደ ታች ይጎትታል። ማን እንደሚያይል መሐንዲሶች በፍሩድ ቁጥር ይለኩታል፤ ስሙ ዊልያም ፍሩድ ከተባለው እንግሊዛዊ የመጣ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ጄቱ ሩቅ ይሄዳል፣ ብዙ ንጹሕ ውሃ ይጎርሳል፣ ይቀጥናል። ትንሽ ከሆነ አፉ ላይ ይዝረከረካል።

እናስላው እንጂ፣ ገበያ መሃል ቆመን ሒሳብ አንፈራም! በሰከንድ 24 ሊትር የሚወጣ ፍሳሽ አለህ እንበል፣ ከወንዙ ውሃ በመቶ 3 የሚከብድ። ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ አፍ ልቀቀው። በሰከንድ 3 ሜትር ይወነጨፋል፣ የፍሩድ ቁጥሩ 18 ገደማ ይሆናል። 60 ዲግሪ ካዘነበልከው፣ በረጋና ጥልቅ ውሃ ውስጥ ወደ 4 ሜትር ያህል ይወጣል። ታጥፎ ወለሉን ሲነካ 28 እጥፍ ገደማ ቀጥኗል። አሁን ያንኑ ፍሳሽ በ40 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ልቀቀው። ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ የፍሩድ ቁጥሩ ከ1 በታች ወረደ። ይኸ ጄት አይደለም፣ ለሃጭ ነው! አንተ ግን «ትልቅ ቱቦ ገጠምን» እያልክ ሪባን ትቆርጣለህ። አፍ ሲሰፋ ነገር እንደሚበላሽ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?

«60 ዲግሪ ለምን? ቀጥ አድርገን ወደ ላይ ብንተኩሰውስ?» በረጋ ውሃ ሞክረው። ወጥቶ ወጥቶ ይደክመዋል፣ ተመልሶ በገዛ ራሱ ላይ ይወድቃል፣ የጎረሰው ንጹሕ ውሃ ሳይሆን የራሱን ቆሻሻ ነው። ወደ ላይ ቢተፉ ተመልሶ ባፉ! የአውስትራሊያዋ ፐርዝ በ2006 እ.ኤ.አ. የባሕር ውሃ ማጣሪያዋን ስትከፍት ጨዋማውን ትራፊ በአንድ ሰፊ ቱቦ አልደፋችም። የባሕሩ ወለል ላይ 40 ጠባብ አፎች ያሉት ቱቦ ዘረጋች፣ አፎቹንም በ60 ዲግሪ አዘነበለቻቸው። 40 አፍ ያለው ቱቦ ድምፁን አጥፍቶ ይሠራል። አንተ በአንድ አፍህ ገበያውን አደነቆርከው።

«ኦሞ ግን የረጋ አይደለም፣ ይሮጣል!» አለ። አጨብጭቡለት፣ ዛሬ አንድ እውነት ተናገረ! አዎ፣ የሚሮጥ ውሃ ለጄት ወዳጅ ነው። በጎኑ ሲመታው ያጥፈዋል። የታጠፈው ጄት ውስጥ ሁለት ትልልቅ አዙሪቶች ይወለዳሉ፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የሚዞር፣ ንጹሑን ውሃ በሁለት ጉንጭ የሚጎርሱ። ሮበርትስና ቶምስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከባድ ጄትን በሚፈስ ውሃ ውስጥ ፈትነው ውጤታቸውን በ1987 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ውሃው ሲፈጥን ማቅጠኑ ይጨምራል፤ ቀጥ ብሎ የተተኮሰውም ጄት ወራጁ ስለሚገፋው በራሱ ላይ መውደቁ ይቀርለታል። እስከዚህ ድረስ አንተና እኔ አንድ ቤት ነን። ግን ልብ በል፣ «ጄት» ነው ያልኩት። ከዳር የሚዝረከረከውን ለሃጭህን አይደለም። እሱን ወራጁ ዳር ዳሩን ይዞት ይሄዳል፣ ወደ መሃል ማስገባት የሱ ጉዳይ አይደለም።

«ዳር ቢሆንስ? ትንሽ ከሄደ በኋላ ይቀላቀላል።» ትንሽ? «ትንሽ» ስንት ኪሎ ሜትር ነው በአንተ ቤት? አንድ ወንዝ ውሰድ፤ 100 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ጥልቀት፣ በሰከንድ 1 ሜትር ፍጥነት፣ ዝግ ያለ ተዳፋት። ከዳር የለቀቅኸው ፍሳሽ ከዳር እስከ ዳር እኩል እስኪዳረስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከጂንካ ቀይ አፈር ድረስ ማለት ነው! ወንዝ ቁልቁል ይሮጣል እንጂ ጎን ለጎን መቀላቀል ላይ ሰነፍ ነው፤ መታጠፊያ ሲበዛ ብቻ ይነቃል። ቱቦውን ከዳር አንስተህ መሃል ወንዝ ብታደርሰው ርቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሩብ! ለጥቂት አሥር ሜትሮች ቱቦ ሰስተህ 30 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ታበላሻለህ። ያ ዳር ደግሞ ባዶ አይደለም። ሰው የሚቀዳው ከዳር ነው፣ ከብት የሚጠጣው ከዳር ነው፣ ልጅ የሚታጠበው ከዳር ነው። ኦሞ ላይ የሚኖሩት ካሮዎች ውሃው ሲሸሽ ማሽላ ሲዘሩ የኖሩት ዳር ላይ ነው። መሃል ወንዝማ ከአዞ ጋር ማን ይገባል?

ካላመንክ ካርቱም ውረድ። የኛ አባይና ነጭ አባይ ተገናኝተው ወዲያው አይተቃቀፉም፣ ሁለት ቀለም ሆነው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ብራዚል ማናውስ ላይ ጥቁሩ ኔግሮና ቡናማው ሶሊሞይስ እንዲሁ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይቀላቀሉ ይዘልቃሉ። አንደኛው ይሞቃል፣ አንደኛው ይቀዘቅዛል፤ አንደኛው ይከብዳል፣ አንደኛው ይቀላል፤ ፍጥነታቸውም ለየቅል ነው። ደግሞ ለምን ብራዚል እንሄዳለን? ግልገል አባይ ጣናን ሳይቀላቀለው ሰንጥቆ ያልፋል የሚለውን አያቶቻችን ሲያወሩት ኖረዋል፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ኢየሱሳውያንም ጽፈውታል። ሙሉ ሐይቁን ሳይነካ ያልፋል መባሉ ተረት ነው። ያዩት ግን እውነት ነው፤ ድፍርስ ወንዝ ሐይቅ ሲገባ መንገዱን ይዞ ሩቅ ይዘልቃል። አያቶችህ በባዶ ዓይን ያዩትን አንተ በመነጽር ሳትከው።

እዚሁ ነሪ ላይ እንኳ ልመልስህ። ነሪ ጂንካን ነክቶ ቁልቁል ማጎ ፓርክ ይገባል፣ ውሃው ዞሮ ዞሮ ኦሞ ነው። ኦሞ «ትልቅ» ነው ያልከኝ፣ ነሪም ትልቅ ነው? በበጋ ሱሪ ሰብስበህ የምትሻገረውን? ባጃጅህን መሃሉ አቁመህ ስታጥብ ማቅጠኛው የት አለ? ጎሹና ዝንጀሮው ተሰልፈው ያንተን ሳሙና ያቅጥኑልህ?

«ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ጠራርጎ ይወስደዋል!» ስሙን አልሳተም። ግን አንተ የምታውቀው ኦሞና የዛሬው ኦሞ አንድ አይደለም። ኦሞ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከፍታው 243 ሜትር፣ ጉልበቱ 1,870 ሜጋ ዋት። ከዚያ ወዲህ የኦሞ መጠን የሚወሰነው በደመና ብቻ አይደለም፣ ተርባይንም ድምፅ አለው። ከግድቡ በታች ደግሞ የመስኖ ቦይ ይቀዳል። ስለዚህ ቱቦ ስትነድፍ ወንዙን በጎርፉ ቀን አትለካው፣ በጠባቡ ቀን ለካው። ያለዚያ ለሠርግ በተበደርከው ኮት ራስህን ሀብታም እንደማለት ነው!

ወደ ስኳሩ እንምጣ። ጥር 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአርብቶ አደሮች ቀን እዚሁ ጂንካ መጥተው የኦሞን የመስኖና የስኳር ልማት ዕቅድ አወጁ። ከዚያ የኦሞ ኩራዝ የስኳር ፕሮጀክት መጣ። ኩራዝ 2 እና ኩራዝ 3 እያንዳንዳቸው በቀን 12,000 ቶን አገዳ እንዲፈጩ የተሠሩ ናቸው። አገዳ ሲፈጭ ስኳር ይወጣል፣ ሞላሰስ ይተርፋል፣ ብዙ ውሃም ይቆሽሻል። ከሞላሰሱ ኢታኖል ለማውጣት የሚነሳ፣ የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች እንዳደረጉት፣ ለአንድ ሊትር ኢታኖል ከ10 ሊትር ያላነሰ ቪናስ የሚባል ቡናማ፣ ኮምጣጣ ፍሳሽ ይተርፈዋል። ሲወጣ ይፋጃል፣ ሲቀዘቅዝ ከውሃ ይከብዳል። ማንንም ፋብሪካ እየከሰስኩ አይደለም። የምከሰው ያንተን «ይወስደዋል» ነው። ኩራዝ ባለበት አገር ቆመህ በጨለማ የምትከራከር አንተ ነህ!

አሁን ተቀመጥ፣ ይኸኛው ቆመው የሚሰሙት አይደለም። ወንዝ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ቪናሱን ሲያዩ ድግስ ነው የሚመስላቸው። ይበላሉ፣ ሲበሉ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። አንድ ሊትር ቪናስ በልቶ ለመጨረስ የሚያስፈልገው ኦክስጅን 30,000 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ነው። አንድ ሊትር የኦሞ ቆላ የሞቀ ውሃ፣ ጠግቦ ቢይዝ ቢይዝ 7 ወይም 8 ሚሊ ግራም ቢይዝ ነው። ያንን ያማረ፣ 60 ዲግሪ የተዘነበለ፣ 28 እጥፍ ያቀጠነ ጄት አስታውስ። 30,000ውን ለ28 አካፍል። ከ1,000 በላይ ቀረ! ከ8 ጋር እየታገለ ያለው 1,000 ነው። እስከ 8 ለማውረድ ወደ 4,000 እጥፍ ማቅጠን ያስፈልጋል። ለዚያች ለ24 ሊትር በሰከንድ 96 ሜትር ኩብ ወንዝ ሙሉ ለሙሉ ተቀላቅሎ ማለት ነው። ያ ሁሉ ውሃ ከአየር መልሶ ካልተነፈሰ ደግሞ ጠብታ ኦክስጅን አይተርፈውም። ዓሣው ምን ይተንፍስ? ያንተን ንግግር?

እና አንዱ ስህተትህ ይኸ ነው፤ ጄት ማጣሪያ አይደለም። ጄት የመጨረሻው ደረጃ ነው። መጀመሪያ ታክማለህ፣ ኩሬ ውስጥ ታሳድራለህ፣ ባክቴሪያው በኩሬው ይብላው፣ ዝቃጩ በኩሬው ይውደቅ፣ ሙቀቱ በኩሬው ይብረድ። ከዚያ የተረፈውን ትንሽ ነገር በጠባብ አፍ፣ በትክክለኛ ማዘንበያ፣ ከዳር ርቀህ ትለቀዋለህ። አንተ ግን እንደ ወረደ ታወርደዋለህ!

«ውሃ በላው፣ ከዚያ ወዲያ የለም» ትላለህ። ውሃ ቢበላው የት ሄደ? ቀጠነ እንጂ አልጠፋም። አንድ ኪሎ መርዝ በአንድ ባልዲም በአንድ ወንዝም ውስጥ አንድ ኪሎ ነው። ጃፓን ሚናማታ ላይ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ከ1932 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ለቀቀ። እዚያም ያንተ ዘመድ ነበር መሰለኝ፣ «ባሕር ትልቅ ነው» ተብሏል። ባሕሩ አቀጠነው፣ ዓሣው መልሶ ሰበሰበው፣ ሰው ዓሣውን በላ። በ1956 እ.ኤ.አ. በሽታው ይፋ ሲሆን እጅ እግራቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ምላሳቸው የተሳሰረ ሰዎች ሐኪም ቤት ሞሉ። ድመቶቹ ሳይቀሩ እየተወራጩ ሞቱ። ለንደንም በ1858 እ.ኤ.አ. በጋ «ቴምዝ ይወስደዋል» ስትል ቆይታ ክርፋቱ ፓርላማውን አስጨነቀው፣ መጋረጃውን በኖራ ክሎራይድ ነከሩት። ከዚያ በኋላ ነው ባዛልጀት የተባለው መሐንዲስ የፍሳሽ መስመር እንዲዘረጋ የተፈቀደለት። የፓርላማ አባል አፍንጫ ሲነካ ሕግ ይፈጥናል። ኦሞ መጨረሻ ላይ የሚኖረው የዳሰነች ሰው አፍንጫ ግን ከመዲናው ሩቅ ነው።

አሁን ዋናውን ልጠይቅህ፤ መልስ ካለህ ገበያው ይመስክርልህ። ኦሞ ይወስደዋል። የት ያደርሰዋል? «ባሕር» እንዳትለኝ! ኦሞ ባሕር አይቶ አያውቅም። ወደ 760 ኪሎ ሜትር ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፣ እዚያው ይቀራል። ቱርካና 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፣ መውጫ ግን የለውም። ከሚገባለት ውሃ አብዛኛው፣ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው፣ ከኦሞ ነው። የሚወጣው ደግሞ በፀሐይ ብቻ ነው፤ በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ውሃ ተንኖ ይሄዳል። ውሃው ተነነ። ጨውስ ይተናል? ብረቱስ? መድኃኒቱስ? ዳመና ላይ ቆሻሻ ጭነህ ልትልክ ነው? ወንዙ የወሰደልህን ሁሉ ሐይቁ ያስቀምጥልሃል፣ አንዱንም ሳይጥል። ሊትሩ ዛሬም 2.5 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ደርበህ ትጨምርበታለህ?

መውጫ የሌለው ውሃ መጨረሻው ምን እንደሆነ ለማየት ቱርካና መሄድ አያስፈልግህም። ከዞናችን ሳትወጣ ወደ ምሥራቅ ውረድና ጨው ባሕርን ተመልከት። የወይጦ ወንዝ ዘመን ከዘመን ቁንጥር ቁንጥር ጨው አወረደ። ማንም አላየውም፣ ቀጭን ነበራ! ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚቀበልህ ነጭ ደረቅ ሜዳ ነው። ያ ሁሉ ያለ አንድ ፋብሪካ፣ በተፈጥሮ ቁንጥር ብቻ። አዲስ አበባ ሆነህ ይህን የምትሰማም አትሳቅ። አቃቂ ላይ የጣልከው አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እሱም ባሕር አያይም። አንተም ዘመዱ ነህ!

«ቱርካና የኬንያ ነው፣ ምን አገባኝ?» ጉድ ፈላ! የሐይቁ ሰሜን ጫፍና ዴልታው የማን ሆነና? ዳሰነች የሚያርሰው፣ የሚያጠምደው፣ ከብት የሚያጠጣው የት ነው? ጎረቤትስ ቢሆን የጎረቤት ገበታ ላይ መትፋት ከየት የተማርከው ጨዋነት ነው? የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ የቱርካና ፓርኮች በ2018 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገቡ። በአንድ ወንዝ ሁለት ቅርስ! አንተ ደግሞ ሦስተኛ ቅርስ ልትሆን ነው፣ ከ1858 ያልተነቃነቀ አስተሳሰብ ይዘህ።

«ልማት ትጠላለህ!» አለኝ በመጨረሻ። ይኸ ሲያልቅበት የሚስበው ካርድ ነው። ክርክርህ ውሃ አያነሳም ወንድሜ፣ ዝቃጭ ብቻ ነው የሚያነሳው። ስኳር እወዳለሁ፣ ሥራም እወዳለሁ፣ መብራትም እወዳለሁ። ስማ፣ ቪናስ ውስጥ ፖታሽየም ሞልቷል። ብራዚሎች መጥነው አገዳው ማሳ ላይ ይረጩታል፣ ለማዳበሪያ። ሲበዛ አፈሩን ጨው ያደርገዋልና ይለኩታል፣ ግን ወንዝ ውስጥ አይደፉትም። መጀመሪያ ታንከር ውስጥ አፍነው ባዮጋዝ የሚያወጡለትም አሉ። አንተስ? ማዳበሪያውን ለኦሞ በነጻ ትለግሳለህ፣ ከዚያ በዶላር ከውጭ ትገዛለህ። ልማት የሚጠላው ማነው ጎበዝ? ሕጉ እንደሆነ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001። ሁለቱም በአማርኛ ተጽፈዋል፣ አስተርጓሚ አያስፈልግህም።

አሁን ጂንካ ዩኒቨርሲቲ አለ። የጨው መለኪያ፣ የኦክስጅን መለኪያ፣ ረጅም ገመድና ጀልባ የሚይዙ ወጣቶች አሉ። ከቱቦው በላይ ይለኩ፣ ከቱቦው በታች ይለኩ፣ ከዳር ይለኩ፣ ከመሃል ይለኩ፣ ከሁሉ በላይ ከወለል ይለኩ፤ ከላይ ብቻ ቀድቶ «ንጹሕ ነው» የሚል የሻዩን አናት ቀምሶ ስኳር የለውም እንደሚል ነው። ውጤቱንም እዚህ ቅዳሜ ገበያ ላይ ይለጥፉት፣ በሰነድ ቤት አይቆልፉት። አንተም ና፣ አብረህ አንብብ።

ምን ዝም አልክ? አሁንም «ይወስደዋል» ልትል ነው? መልካም። መኪና ተሳፈርና ቱርሚን አልፈህ ኦሞራቴ ውረድ። እዚያ ወንዙ ዳር መረቡን የሚያደርቅ የዳሰነች ዓሣ አጥማጅ ታገኛለህ። ይህችን ቃል ለኔ ሳይሆን ለእሱ፣ ዓይኑን እያየህ ንገረው። ዓሣ ቢያቀርብልህ ግን ለገበያው ይዘህ እንዳትመጣ። እዚያው ተቀመጥና መጀመሪያ አንተ ቅመሰው!